«ለ አይደለም፣ በ»

የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። የሰባት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። ኦቲዝም እንዳለበት ሐኪም የነገረኝ ሦስት ዓመት ተኩል ሲሆነው ነው። አፉን የፈታው ዘግይቶ ነው፤ አሁን ቃላት አሉት፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው እኛ ያልነውን መልሶ ነው። ውሃ ሲጠማው እንኳ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ይማርበት የነበረው ትምህርት ቤት «ከሌሎቹ ጋር እኩል መሄድ አልቻለም» ብሎ ስለመለሰልኝ፣ ካለፈው መስከረም ጀምሮ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ከእራት በፊት፣ ፊደል የማስቆጥረው እኔው ነኝ።

የፊደል ገበታውን ከሀ እስከ ፐ በቃሉ ይዞታል። አንዱን ፊደል ከመካከል ነጥዬ በካርድ ሳሳየው ግን ይጠፋበታል። «በ» የተጻፈበትን ካርድ ሳነሣ «ለ» ይላል፤ እኔም «ለ አይደለም፣ በ!» እለዋለሁ። ወራት በዚህ አለፉ። አሁን ካርዱን ገና ሳነሣው «ለ አይደለም በ» ይላል፤ የፊደሉ ስም ይኸው የሆነ ይመስል። መጀመሪያ አሳቀኝ፤ ኋላ ግን ተስፋ አስቆረጠኝ። ድምፄን ከፍ ሳደርግ ወይ ይስቃል፣ ወይ እጁን ይነክሳል። የቀኝ እጁ አይበሉባ ጠባሳ አውጥቷል።

አብረውን የሚኖሩት አማቴ «እኛ በቁጣና በአለንጋ ነው ሰው የሆንነው፤ ያሞላቀቅሽው አንቺ ነሽ» ይሉኛል። ባለቤቴ ደግሞ «ተይው፣ አታስጨንቂው» ይላል። ባለፈው ሳምንት ትዕግሥቴ አልቆ እጁን መታሁት። ሌሊቱን ሳለቅስ አደርሁ። በሙያው ያለች አንዲት ጓደኛዬ «ሲሳሳት ዝም በይው» ብላ መከረችኝ። ነገር ግን መሳሳቱን ካልነገርሁት እንዴት ያውቃል? ዝም ካልሁት ስህተቱ ተቀብሮ አይቀርም ወይ?

አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ሁለቱንም ጊዜ ያቆመኝ «ለ አይደለም በ» የሚለው ነው። እባክዎ ይህን ከልጅዎ ስህተቶች ጋር አይቁጠሩት። እሱ የቀረበለትን በትክክል ተምሯል። ያ ካርድ በተነሣ ቁጥር በቤታችሁ የተሰማው ድምፅ ሦስት ክፍል ነበረው፤ የእሱ «ለ»፣ የእርስዎ «አይደለም»፣ ከዚያም «በ»። እርስዎ የመጨረሻዋን ብቻ እንዲይዝ አስበው ነበር፤ እሱ ግን ሁሉንም እንደ አንድ ዜማ ሳይነጣጥል ያዘው። ኦቲዝም ያለባቸው ብዙ ልጆች ንግግርን የሚይዙት እንዲህ በጥቅሉ ነው። «ውሃ ትፈልጋለህ?» እያለ ውሃ የሚጠይቅዎትም ውሃ በመጣ ቁጥር አብሮት የሚመጣው ድምፅ ያ ስለሆነ ነው። ገበታውን ሳያዛንፍ ቆጥሮ ነጠላው ፊደል የሚጠፋበትም እንዲሁ ነው፤ ገበታው ለእርሱ አንድ ረጅም ዜማ እንጂ የፊደላት ስብስብ አልሆነለትም። ሦስት የሚመስለው ችግር፣ እኔ እንደማየው፣ አንድ ነው። ይህን ካየን ደግሞ እርማቱ ለምን እንዳልሠራ መገመት አያስቸግርም፤ ስህተቱና እርማቱ ተሰፍተው አንድ ልብስ ሆነዋል።

«መሳሳቱን ካልነገርሁት እንዴት ያውቃል?» ብለዋል። እኔም ማስተማር በጀመርሁባቸው ዓመታት የጠየቅሁት ጥያቄ ነው። «አይደለም» የሚለው ቃል ለእኔና ለእርስዎ ብዙ ይነግረናል፤ የተናጋሪውን ፊት አይተን፣ ሐሳቡን ገምተን፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። ልጅዎ ከዚያ ቃል የሚያገኘው ግን ያልሆነውን እንጂ የሆነውን አይደለም። ሁለት ካርድ ፊቱ ተቀምጦ አንዱን ሲነካ «አይደለም» ከተባለ፣ ሌላውን ይነካል፤ እርስዎም «ጎበዝ!» ይሉታል። በዚህ የሚማረው ፊት እስኪፈካ ድረስ ካርዶችን በየተራ መንካትን ነው። እስቲ ነገ ማታ አንድ ነገር ይመልከቱልኝ፤ ሲሳሳት ዓይኑ የሚሄደው ወደ ካርዱ ነው ወይስ ወደ እርስዎ ፊት? ወደ ፊትዎ ከሆነ እያነበበ ያለው ፊደሉን ሳይሆን እናቱን ነው።

ሳቁም እያሾፈብዎት አይደለም። ከፍ የሚል ድምፅ፣ የሚለወጥ ፊት፣ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት መንገድ የሚመጣ ምላሽ፣ ለአንዳንድ ልጅ ሲጫኑት እንደሚጮህ አሻንጉሊት ነው፤ ይህንኑ ለማምጣት ሆን ብሎ የሚሳሳትም አለ። በሌላ ቀን፣ ደክሞት ወይም ርቦት ሳለ፣ ያው ድምፅ ከአቅሙ በላይ ይሆንና እጁን ይነክሳል። አንድ ቀን መጫወቻ፣ አንድ ቀን ማስጨነቂያ የሚሆን ቃል ደግሞ ፊደል ሊያስተምር አይችልም።

ስለዚህ ጓደኛዎ የነገረችዎ ግማሹን ነው። ዝም የሚባለው ስለ ስህተቱ እንጂ ስለ ፊደሉ አይደለም። ያችኑ ጥያቄ እንደገና ጠይቆ በትክክለኛው መልስ እንድትዘጋ ማድረግ ያስፈልጋል፤ እኔ ማረም የምለው ይህን ነው። አሠራሩን እንዳለ ልንገርዎት። በመጀመሪያ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ያቆዩትና «በ የቱ ነው?» በሚለው ይተኩት። ምላስን በጣት መምራት አይቻልም፤ እጅን ግን ይቻላል። እንግዲህ ጠረጴዛው ላይ «በ» እና «መ» ተቀምጠዋል እንበል። «በ የቱ ነው?» አሉት፤ እጁ ወደ «መ» ሄደ። ምንም አይናገሩ፤ ፊትዎም እንደነበረ ይሁን፤ ምላስዎን «ጭ» እንኳ አያድርጉ። ሁለቱን ካርዶች ወደ ራስዎ ሰብስበው መልሰው ያስቀምጡ፤ የሚፈጀው የአንድ ትንፋሽ ያህል ነው። ከዚያ በዚያው ቃልና በዚያው ድምፅ «በ የቱ ነው?» ብለው ይድገሙት፤ ነገር ግን ቃሉ ከአፍዎ እንደወጣ ጣትዎ «በ» ላይ ይረፍ፤ እጁ ለመሳሳት ጊዜ አያግኝ። ሲነካው ዝቅ ባለ ድምፅ «በ» ይበሉ፤ ሌላ ቃል አይጨምሩ። ቀጥለው የካርዶቹን ቦታ ያለዋውጡና አሁን ያለ ጣት ይጠይቁት።

ከዚህ በኋላ ያለችውን ትንሽ እርምጃ ብዙ ሰው ይዘላታል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስበልጬ አያታለሁ። ልጅዎ ተኝቶም የማይስታቸውን ሁለት ነገሮች ያሠሩት፤ «አጨብጭብ»፣ «አፍንጫህን ንካ»። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ «በ» ይመለሱ። ወዲያው ቢጠይቁት የሚደግመው ከአንድ አፍታ በፊት ያደረገውን ነው፤ በመካከል ሌላ ነገር ሲያልፍ ግን ፊደሉን ራሱን መፈለግ ግድ ይሆንበታል፤ የቅድሙ ስህተትም ከትክክለኛው መልስ ጋር ተጣብቆ አይቀርም። በዚህች ጊዜ፣ ያለ ጣት፣ በራሱ ካገኘው፣ ቤቱ ይድመቅ። አብዝቶ የሚወደውን ነገር ለዚህች ቅጽበት ብቻ ያስቀምጡለት፤ ቆሎም ይሁን፣ ተሸክሞ ማሽከርከርም ይሁን። በጣትዎ ታግዞ ላገኘው መልስም ያው ሽልማት ከተሰጠው ጣትዎን መጠበቅ ይለምዳል፤ ይህን ልማድ ማስተው ደግሞ አድካሚ ነው።

ከስህተቱ በፊት ስላለው ሰዓትም ማንሣት አለብኝ። ሰው ከስህተቱ ይማራል ይባላል፤ ለብዙዎቻችንም እውነት ነው። በ1963 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኸርበርት ቴራስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ርግቦች ቀይና አረንጓዴ ብርሃንን እንዲለዩ አስተምሮ ነበር። ሁለተኛውን ብርሃን መጀመሪያ ፈዛዛና ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚታይ አድርጎ በጥቂት በጥቂቱ ያጎላላቸው ርግቦች ከሞላ ጎደል ሳይሳሳቱ ተማሩ፤ እየተሳሳቱ የተማሩት ግን ስህተት በሚያሠራቸው ብርሃን ፊት ክንፋቸውን ያራግቡና ይረበሹ ነበር። ልጅን ከርግብ ጋር ማነጻጸር አልወድም፤ ነገር ግን ስለ ልጅዎ እጅ ጠባሳ ሳነብ ያ የክንፍ መራገብ ትዝ አለኝ። መሳሳት ራሱ ይከብዳል፤ እንደ ልጅዎ ላለው ደግሞ የበለጠ ይከብዳል። ከዚያ ወዲህ ልዩ ፍላጎት ላላቸው ልጆች ሲያስተምሩ መጀመሪያ አብዝቶ ማገዝ፣ ከዚያ እገዛውን በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ የተለመደ አሠራር ሆኗል። ለእርስዎ ሲሆን እንዲህ ነው፤ አዲስ ፊደል ሲያስገቡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጣትዎ ከጥያቄው እኩል ይድረስ፤ ከዚያ ሁለት ሰከንድ ይጠብቁ፤ ከዚያ አራት። በዚያች የመጠበቂያ ጊዜ ጣትዎን ቀድሞ ሲነካው ያኔ ፊደሉ የእርሱ ሆኗል።

የፊደሎቹን ምርጫም እንደገና ያስቡበት። «ለ»፣ «ሰ» እና «በ» ሦስቱም በሁለት እግር የቆሙ ናቸው፤ የሚለያዩት በአናታቸው ብቻ ነው። አዲስ ተማሪ እነዚህን ጎን ለጎን ማየት የለበትም። «በ»ን ሁለት ክብ ካለው ከ«መ» ጋር ያስጀምሩት፤ «ለ» ለሳምንታት ከጠረጴዛው ይራቅ። የ33ቱ ፊደላት ሰባት ሰባት ቅርጽ ሲደመር 231 ይሆናል፤ ይህን ቁጥር አስበው ከተቀመጡ መቸኮልዎ አይቀርም። በዚህ ወር ሦስት ፊደል ብቻ ይበቃችኋል።

አሁን የተጣበቀውን «ለ አይደለም በ»ን እናላቅቀው። ያንን ካርድ ለአሥር ቀን ያህል ያስቀምጡት። «እንዲህ አትበል» ብለው ከከለከሉት እርሷንም ጨምሮ የሚይዛት ይመስለኛል። ሲመለሱ ካርዱ ሌላ ይሁን፤ ሌላ መጠን፣ ሌላ ቀለም፣ ከተቻለም በጤፍ ዱቄት ላይ በጣት የተጻፈ። ወንበሩንም ይለውጡት። ገና አፉን ሳይከፍት «በ» ብለው በሹክሹክታ ቀድመው ይንገሩት፤ እሱም «በ» ብሎ ይከተልዎታል። አሮጌዋ ሐረግ ብትወጣ ካርዱን ዝም ብለው ይመልሱት፤ ትንሽ ቆይተው ፈጥነው በሹክሹክታ ይቅደሙት።

ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከተሳሳተ ሦስተኛ አይጠይቁት። ያን ጊዜ የተሳሳተው ትምህርቱ ነው፤ ወይ ከብዷል፣ ወይ እገዛው አንሷል፣ ወይ ልጁ ደክሟል። አንድ እርምጃ ተመልሰው የሚያውቀውን አሠርተው በዚያ ያቁሙ። በነገራችን ላይ፣ ሁልጊዜ በቀኝ በኩል ያለውን ካርድ የሚመርጥ ከሆነ ልብ ይበሉ፤ አንዳንድ ልጅ የሚመርጠው ቦታውን ነው፤ ስለዚህ ቦታውን አለማለዋወጥ ያታልለናል። ዓይንዎም ሳያውቁት ወደ ትክክለኛው ካርድ ይሄዳል፤ ሲጠይቁት አገጩን ይመልከቱ። ደግሞስ፣ የመስማት ምርመራ አድርጎ ያውቃል? «ለ» እና «በ» ለጆሮ የሚለያዩት በመነሻ ድምፃቸው ብቻ ነው፤ ካላደረገ ይህን አያዘግዩት።

«ውሃ ትፈልጋለህ?» ሲልዎት ግን ይህ ሁሉ የካርድ ሥርዓት አይሠራም። ልጁ በራሱ ፈቃድ ወደ እርስዎ መጥቶ ተናግሯል፤ ያ ከሰዋስው ይበልጣል። አሁን የሚፈልገው ውሃውን ነው። ብርጭቆውን እያቀበሉ እሱ ሊለው የሚገባውን በእሱ አፍ ሆነው «ውሃ ስጪኝ» ይበሉት፤ መልሶ ካለው መልካም፣ ካላለውም ውሃውን አይከልክሉት። እርስዎም «ውሃ ትፈልጋለህ?» ብሎ መጠየቁን ለጊዜው ይተዉት፤ ለመቅዳት የሚፈልገው ዓረፍተ ነገር ትክክለኛው ይሁን። አንድ ቀን ለአባቱም «ውሃ ስጪኝ» ይል ይሆናል። ያን ቀን ማንም አያርመው፤ አባቱ ውሃውን ይስጠው።

እጁን መንከሱን በተመለከተ፣ ሌላ ቃል ያጣ ልጅ ንግግር ነው ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ ከ«በ» በፊት ማስተማር ያለብዎት ሁለት ቃላት አሉ፤ «እርጂኝ» እና «በቃኝ»። በሥዕል በሁለት ካርድ ይሥሩለትና እጁ የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡለት። ንክሻው ከመምጣቱ በፊት የሚታይ ነገር ይኖራል፤ ትከሻው ይወጠራል ወይም ማጉረምረም ይጀምራል። ያኔ እጁን ይዘው «በቃኝ» የሚለውን ካርድ ያስነኩትና ትምህርቱን ወዲያው ያቁሙት። መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው «በቃኝ» ሊል ይችላል፤ ይፍቀዱለት። ቃሉ እንደሚሠራ ካመነ በኋላ «አንድ ብቻ፣ ከዚያ በቃኝ» ማለት ይቻላል። የማስተማሪያው ጊዜም አምስት ደቂቃ ይሁን፤ ከእራት በፊት ተርቦ፣ እርስዎም ከሥራ ደክመው የምትቀመጡበት ሰዓት ለሁለታችሁም አይበጅም። ቅዳሜና እሑድ ጠዋት፣ ከቁርስ በኋላ፣ ይሞክሩት።

ስለ አማትዎ ሳስብ እኔም በቀጭን እንጨት እየተጠቆመልኝ፣ ስሳሳት በዚያው እንጨት እየተመታሁ ፊደል የቆጠርሁ ስለሆንሁ የሚሉት ይገባኛል። ቁጣውን የሚያነሡት የልጅ ልጃቸው ሰው ሳይሆን እንዳይቀር ፈርተው ይመስለኛል። ቁጣ ልጅዎን ሊያስተምረው እንደማይችል ግን ከእኛ በፊት የሞከሩት አይተውታል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ አሜሪካ ውስጥ፣ በሎስ አንጀለስ፣ ኢቫር ሎቫስ የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኦቲዝም ያለባቸውን ልጆች ማስተማር ሲጀምር ያልተፈለገ ነገር ሲያደርጉ መጮህና መምታት የአሠራሩ አካል ነበር፤ በኋላ ሙያው ያንን መንገድ ተወው፤ ኦቲዝም ያለባቸው አዋቂዎችም ዛሬ አጥብቀው ይቃወሙታል። ይህን ግን ለእማማ አይተርኩላቸው። ይልቁንስ ሥራ ይስጧቸው፤ «እማማ፣ ትክክል ሲመልስ ቆሎውን እርስዎ ይስጡልኝ፤ ከእርስዎ እጅ ሲሆን ደስ ይለዋል» ይበሏቸው። ቆሎውን ይዘው ትክክለኛውን መልስ የሚጠባበቁ አያት ስህተቱ ላይ ለመቆጣት ጊዜ አያገኙም። ባለቤትዎ «ተይው» የሚሉትም ከርኅራኄ ነው፤ ነገር ግን ልጁን መተው ደግሞ «አይችልም» ብሎ እንደመፍረድ ይሆናል። አምስቱን ደቂቃ አንዳንድ ቀን እሳቸው ይያዙለት።

እጁን የመቱበትን ቀን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ዳግም እንዳይሆን የሚያደርገው ጸጸትዎ ብቻ አይደለም፤ ሰዓቱን መለወጥ፣ ትምህርቱን ማሳጠር፣ ሁለት ስህተት ላይ ማቆም ሁሉ ለእርስዎም ጭምር የተቀመጡ አጥሮች ናቸው። ደግሞም በቀን አሥር ደቂቃ ምንም ሳይጠይቁት፣ ምንም ሳያስተምሩት አጠገቡ ይቀመጡ። ክዳን የሚያሽከረክር ከሆነ አብረው ክዳን ያሽከርክሩ። እርስዎ በመጡ ቁጥር ጥያቄ የሚመጣ ከሆነ መምጣትዎን ሊሸሸው ይችላልና።

ብቻዎን እንዳይሆኑም እፈልጋለሁ። ዛሬ በሕይወት የሌሉት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እንደ እርስዎ ኦቲዝም ያለበት ወንድ ልጅ እናት የነበሩት፣ በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ላይ መሥርተው፣ በፊደላችን ድምፅ ላይ የቆመ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጅተዋል። የእኛ ፊደል በአብዛኛው በአንድ ቅርጽ አንድ ድምፅ መያዙ እንደ ልጅዎ ላሉ ልጆች ትልቅ ዕድል ነው። ወደዚያ ማዕከል፣ ወይም ወደ ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል ሄደው ያነጋግሯቸው። ወረፋው ረጅም ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ስምዎን ያስመዝግቡ፤ ሌሎች እናቶችንም እዚያ ያገኛሉ።

እስከዚያው አንድ ደብተር ይግዙ። በየቀኑ ሦስት ነገር ብቻ ይጻፉበት፤ ስንት ጊዜ ጠየቅሁት፣ ስንቱን ያለ ጣት አገኘው፣ «በቃኝ»ን ስንት ጊዜ ነካ። የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት «በ» እና «መ»ን ብቻ ይዘው ይጀምሩ፤ ወር ሲሞላ ደብተሩን ይዘው ይጻፉልኝ። አሮጌዋ ሐረግ መጥፋት አለመጥፋቷንም አይርሱብኝ።